አዴ ሞሚና «የለም» ያሉባቸው ሦስት ቀናት

እንግዳን በእንክብካቤ የሚያስጨንቅ ሰው የሌለበት ከተማ በአገራችን ያለ አይመስለኝም። እናንተም ታውቋቸዋላችሁ። ገና በሩን ሳታልፉ ካፖርታችሁን ያስወልቋችኋል፤ ካስወለቋችሁ በኋላ ደግሞ ይበርዳችኋል ብለው ሌላ ያለብሷችኋል። «ጠገብኩ» ስትሏቸው ጆሯቸው አይሰማም፤ ሆዳችሁ ሲጮኽ ግን ከሦስት ክፍል ማዶ ይሰማሉ። ሲሸኟችሁ አውቶቡሱ ድረስ ይመጡና ሹፌሩን «ቀስ ብለህ ንዳ፤ አሁን ነው የበላው» ይሉታል።

ሌላው ከተማ እንደዚህ ያሉ ሦስት አራት ሰዎች ይኖሩት ይሆናል። ጎባ አንዲት ብቻ ነበሯት፤ አንዷም በዝተውባት ነበር። ክብርት አዴ ሞሚና፣ የብርድ ልብስ ሚኒስትር፣ የሁለቱ ድስቶች ጠቅላይ አዛዥ። «አዴ» በኦሮምኛ እንደ «እትዬ» ያለ የአክብሮት መጠሪያ ነው። ሌሎቹን ማዕረጎች የሰጠኋቸው እኔ ነኝ። ብርድ ልብሶቹን የማጥበው እኔ ስለነበርኩ ይህን ያህል መብት ያለኝ ይመስለኛል።

እኔ ወለተኢየሱስ እባላለሁ። አባቴ ሲሞት ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል አቋርጬ ሥራ ገባሁ፤ ከዚያ ወዲህ ያቋረጥኩት ሥራ የለም። በደርግ ጊዜ ስድስት ዓመት የሠራሁት ጎባ ውስጥ ባለው የቀበሌያችን እንግዳ ማረፊያ ነበር። ቤቱ ከአብዮቱ በፊት የአንድ ባላባት ነበር። አዴ ሞሚና በባላባቱም ዘመን እዚያው ማድ ቤት ውስጥ ነበሩ፤ ባላባቱ ሲሄድ ቤቱ ከነድስቱ ከነሞሚና ተወረሰ። ቀበሌው አራቱን ክፍል አየር ለመለወጥ ለሚመጡ እንግዶች ማከራየት ጀመረ። እሳቸው ከማድ ቤቱ ጎን ባለችው አንዲት ክፍል ቀሩ። ባል ሞቶባቸዋል፤ ልጅ አልወለዱም፤ ሌላ ቤት አልነበራቸውም።

ጎባ አየር ለመለወጥ የሚመጣ ሰው ምን ዓይነት አየር እንደሚጠብቀው አያውቅም ነበር። የሳነቴ ተራራ ብርድ ወርዶ ቆርቆሮው ላይ ሲተኛ፣ ውሃው በባልዲ ውስጥ ጥርስ ያወጣል። አዴ ሞሚና ይህን ብርድ እንደ ግል ጥፋታቸው ነበር የሚቆጥሩት። አንድ ቀይ ቀበሮ ሊያይ የመጣ ፈረንጅ ነበር። እንደ ደንቡ ሁለት ብርድ ልብስ ሰጠሁት። ክብርት ሚኒስትር ግን በየሰዓቱ አንድ እየጨመሩበት ሰባት አደረሱት። ጠዋት ሻይ ይዤ ስገባ ከክምሩ ሥር አንድ እጅ ብቻ ወጥቶ ያውለበልብልኛል። መገላበጥ አቅቶት ነው። ጎትቼ አወጣሁት። አዴ ሞሚና በሩ ላይ ቆመው አዩና «ላብ አለው፤ አልሐምዱሊላህ፣ ሞቆታል» አሉ። ሰባቱን ብርድ ልብስ ያጠብኩት እኔ ነኝ።

ብርዱ ግን ሁለተኛ ጠላታቸው ነበር። አንደኛው ብቸኝነት ነው። እንግዳ ብቻውን ሲቀመጥ ካዩ እንጀራ አይወርድላቸውም።

«ያ ሰውዬ ብቻውን ነው» ይሉኛል በሹክሹክታ። «ምን ሆኖ ነው? የሞተበት አለ?»

«እያነበበ ነው፣ አዴ።»

«ያንብብ። ማን ከለከለው? ግን ብቻውን?»

ይህ የሆነው ዘይነዲን በሚባል የታሪክ አስተማሪ ላይ ነው። አንድ ሣጥን መጽሐፍ ይዞ ከአዲስ አበባ መጣ፤ አሥር ቀን ጸጥ ብሎ ሊያነብ። መጀመሪያ እኔን ክርና ኪሮሽ አስይዘው ክፍሉ ውስጥ አስቀመጡኝ። እኔ ሥራ ሲጠራኝ ጎረቤታችንን አቶ ገብረ መድኅንን ላኩበት። አቶ ገብረ መድኅን ከወንድማቸው ጋር በአንድ የባሕር ዛፍ መስመር የተካሰሱበትን የዘጠኝ ዓመት ክርክር ከመጀመሪያው ቀጠሮ ጀምረው አወጉት። እሳቸው ሲደክማቸው ልብስ ሰፊዋን ረቢያን ከነስፌት መኪናዋ አስገቡለት። «ዝም ብላ ነው የምትሰፋው፣ አትረብሽህም» አሉት። ሰውየው በአምስተኛው ቀን ተነሥቶ ሄደ። አንድ ገጽ አላነበበም፤ ሁለት ሱሪዎቹ ግን በልኩ ጠበዋል።

ከሁሉም የማልረሳው ጫሊን ነው። ጫሊ ከአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ኮከብ ሠራተኛ ተብሎ የአሥር ቀን ዕረፍት የተሸለመ ሰው ነበር። አሥራ አንድ ዓመት የሌሊት ፈረቃ ሠርቷል። ዕቅዱ መተኛት ብቻ ነበር፤ ይህንኑ ሲመዘገብ ነግሮኛል። ምሳ በልቶ ጋደም ባለ በሩብ ሰዓት ውስጥ በሩ ተንኳኳ።

«ጫሊ፣ ተኝተሃል?»

«አዎ፣ እማዬ።»

«ተመቸህ?»

«ተመችቶኝ ነበር።»

«አልሐምዱሊላህ። ተኛ እንግዲህ።»

ከዚያ፣ ከእንቅልፉ የነቃ ሰው ይጠማዋል ብለው ወተት አፍልተው ተመለሱ። ወተቱን ጠጥቶ እንደገና ጋደም ሲል፣ ወተት የጠጣ ሰው ጣፋጭ ያምረዋል ብለው የደሎ መና ማር ይዘው ተመለሱ። በአምስተኛው ቀን ገበያ ስሄድ አውቶቡስ መናኸሪያው አግዳሚ ላይ ኮቱን ተከናንቦ ተኝቶ አገኘሁት። «እዚህ ማንም አይጠይቀኝም» አለኝ ዓይኑን ሳይገልጥ። ለአዴ ሞሚና አልነገርኳቸውም፤ ማሩን ይዘው መናኸሪያ ይሄዱ ነበር።

ይኸው ጫሊ በዓመቱ በራሱ ገንዘብ፣ ሚስቱን ይዞ ተመልሶ መጣ። ምን ነካህ ብዬ ብጠይቀው ትንሽ አፍሮ፣ «ያን ያህል ዘመን ስሠራ ተመቸህ ወይ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም» አለኝ። ብርድ ልብስ ላወጣ ሄድኩ።

አሁን ስለ ሁለቱ ድስቶች ልንገራችሁ። የባሌ ሰው ይህን መስማት አያሻውም፤ ለሌላው አገር ሰው ነው። እኛ ዘንድ እስላሙና ክርስቲያኑ ግድግዳ ተጋርቶ ይኖራል፤ ሰርግና ለቅሶ አብሮ ይውላል። ሥጋው ግን በየእርዱ ነው። አንዱ የሌላውን እርድ አይበላም፤ በዚህም ማንም ማንንም አይቀየምም። ስለዚህ ማድ ቤታችን ውስጥ ሁለት ድስት፣ ሁለት ቢላ፣ ሁለት መክተፊያ ነበር። የእስላሙ ድስት እጀታው ላይ አረንጓዴ ክር፣ የክርስቲያኑ ላይ ቀይ ክር ታስሯል። ለአረንጓዴው የሚያርደው አሊዪ የሚባል የሰፈራችን ሰው ነው፤ ለቀዩ አቶ ገብረ መድኅን። ሁለቱንም የሚያማስሉት አዴ ሞሚና ናቸው፤ የቀዩን ጨው የምቀምሰው ግን እኔ ነኝ። በጾም ወራት የቀዩ ድስት ጨው በግምት ነበር። እንግዳ ሲመዘገብ ስሙን እጽፍና «ቀይ» ወይም «አረንጓዴ» ብዬ ምልክት አደርጋለሁ። ስድስት ዓመት አንድም ቀን አልተሳሳትንም።

በዚያ ቤት ሌላም ሕግ ነበር፤ ለእንግዳ «የለም» አይባልም። «አልቋል» አይባልም። እንግዳ ቅቤ ከጠየቀና ቅቤ ከሌለ አዴ ሞሚና «መጣ» ብለው በጓሮ በር ይወጣሉ። ከጎረቤት ይበደሩ፣ ሮቤ ድረስ ሰው ይላኩ፣ አላውቅም፤ ብቻ ቅቤው ይመጣል። አንዴ እኔ ተሳስቼ ለአንድ እንግዳ «ሎሚ የለም» ብዬ ሁለት ቀን አኩርፈውኛል። «ለአፍሽ ያ ቃል ሐራም ነው» አሉኝ። «የሌለ ነገር ይፈለጋል እንጂ የለም አይባልም።»

እንግዲህ በ1973 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ፣ አንድ መሥሪያ ቤት ቤቱን ለማዳበሪያ መጋዘን ፈልጎታል የሚል ወሬ መጣ። ወሬ አልነበረም። የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ጓድ ኃይለየሱስ ራሳቸው መጥተው ነገሩን።

«ተቆጣጣሪ ከአዲስ አበባ ይመጣል» አሉ። «ሦስት ቀን ተቀምጦ ቅጽ ይሞላል። የእንግዶች ምቾት፣ የምግብ አቅርቦት፣ ጽዳት። ሦስት አምድ ነው። አንዱ ከጎደለ ቤቱ መጋዘን ነው።»

«ድስቶቹስ?» አሉ አዴ ሞሚና።

«ድስቶቹ ወደ ንብረት ክፍል ይሄዳሉ።»

«እኔስ?»

ጓድ ኃይለየሱስ ክፉ ሰው አልነበሩም። ባርኔጣቸውን አንሥተው ውስጡን አዩት፤ እዚያም መልስ ስላላገኙ ደፍተውት ሄዱ።

ተቆጣጣሪው ነሐሴ ሰባት ቀን ይመጣል ተባለ። አዴ ሞሚና ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እንቅልፍ አጡ፤ እኔንም አሳጡኝ። ወለሉን ሦስት ጊዜ አጠብኩ። የሲናና ስንዴ ተፈጨ፤ ዳቦ ተደፋ። ሰውየው የማን ወገን እንደሆነ ስለማይታወቅ ለአንድ ሰው ሁለት በግ ታረደ። አቶ ገብረ መድኅን ቢላቸውን እየሳሉ አጉረመረሙ።

«በፍልሰታ ቢላ የምታስይዙኝ ምን በድያችሁ ነው?»

«ካድሬ ነው አሉ፣ አቶ ገብረ መድኅን» አልኳቸው። «ካድሬ አይጾምም።»

«እኔ እጾማለሁ እኮ። ሽታውስ?»

«እኔስ ወጥ አጠገብ አይደል የምውለው» ብዬ ዝም አሰኘኋቸው።

በቀጠሮው ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከሮቤ ላንድሮቨር መጣ። ከውስጡ አንድ ቀጠን ያለ፣ ሠላሳ አምስት ዓመት የሚሆነው፣ ካኪ የለበሰ ሰው ወረደ። አዴ ሞሚና «ነጋ ዱፍተኒ? በሰላም መጣህ?» ብለው ሁለት ጊዜ ሰላምታ ሰጡት፤ አንዱ ባይገባው ሌላው እንዲገባው። ጓድ ኃይለየሱስ አብረውት ሊበሉ ደረታቸውን ነፍተው ቆመዋል። መዝገቤን ከፈትኩ።

«ስም?»

«ተክለማርያም።»

«ቀይ ድስት ነው አረንጓዴ፣ ጓድ?» ብዬ ትርጉሙን ነገርኩት።

ሰውየው ጓድ ኃይለየሱስን አየ። ጓድ ኃይለየሱስ ጣሪያውን አዩ።

«እኔ ሃይማኖት የለኝም፣ እኅቴ» አለ ጎላ አድርጎ። «የቀረበልኝን እበላለሁ።»

ሦስተኛ ድስት የለንም ልል ነበር፤ ቃሉ ሐራም መሆኑ ትዝ ብሎኝ ተውኩት። ማድ ቤት ገብቼ ነገርኳቸው።

«ስሙ ማን ነው?» አሉ አዴ ሞሚና።

«ተክለማርያም።»

«ተክለማርያም ሆኖ ሃይማኖት የለኝም አለ?»

«አለ።»

«እናቱ ሰምታለች?»

የሆነው ይሁን ብለው አረንጓዴውን አቀረቡ። እኔ የእጅ ውሃ ይዤ ጥግ ቆምኩ። ሁለቱ ጓዶች እጃቸውን ታጥበው ቀረቡ። እንዲህ ያለ ገበታ በዕድሜዬ አላየሁም።

«ጓድ ተክለማርያም፣ ይህችን ጎድን ይቅመሱልኝ።»

«መጀመሪያ እርስዎ፣ ጓድ ኃይለየሱስ። የአገሩ ሰው ይቀድማል።»

«እኔማ ጨጓራዬ ነው። ሐኪም ቅባት ከልክሎኛል።»

«ይገርማል፤ እኔንም ከልክሎኛል።»

«ታዲያ ሥጋውን ብቻ፣ ያለ መረቁ?»

«ሥጋው ራሱ ቅባት አለው እኮ፣ ጓድ።»

«እሱስ ልክ ነው፤ አለው።»

ይህን በሙሉ ድምፅ አጸደቁ። ከዚያ እንጀራውን ከዳር ከዳሩ፣ ወጥ ካልነካው በኩል እየቆረሱ ደረቁን ያላምጡ ጀመር። አዴ ሞሚና ከመጋረጃው ኋላ አዩ። የተሳሳተ ድስት አቀረብን ብለው ቀዩን አስገቡ። ቀዩም እንደ ሄደ ተመለሰ። ሁለት በግ ታርዶ፣ ሁለት ድስት ተጥዶ፣ እንግዳ ደረቅ እንጀራ እየበላ ነው። ጠረጴዛው ላይ ቅጹ ተዘርግቷል። ሁለተኛው አምድ ባዶ ነው፤ እስክሪብቶው አጠገቡ። አለቀልን አልኩ በልቤ።

አዴ ሞሚና ማድ ቤት ውስጥ እንጨት መፍለጫው ግንድ ላይ ተቀመጡ። ሲቀመጡ አይቻቸው አላውቅም ነበር።

«ወለተኢየሱስ፣ አንቺ ከጠዋት ጀምሮ ምን ቀመስሽ?»

«ምንም። ጾም ነው እኮ፣ አዴ።»

«ኢንተላኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «እነሱም የእናንተ ናቸው። ሁለቱም።»

«ካድሬዎች ናቸው እኮ።»

«ካድሬ እናት የለውም? እኔ ረመዳንን ከፈታሁ ሁለት ሳምንት አልሞላኝም። የጾመኛ ዓይን አውቃለሁ። የጠገበ ሰው ሥጋ ያያል፣ ይመርጣል። እነዚህ ወደዚያ ዞረዋል። ያኛው ጎድኑ አፍንጫው ሥር ሲደርስ እንደ ልጅ ትንፋሹን ያዘ።»

እኔ ጾመኛዋ፣ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ቆሜ አላየሁም። እሳቸው ከመጋረጃ ኋላ አዩ።

«እንግዲያው ሽሮ ላቅርብላቸው?» አልኩ።

«አብደሻል? ሥጋ አንሥተሽ ሽሮ ስታስቀምጪ ‹ጾመኞች ናችሁ› አላልሽም? አንዱ አንዱን ፈርቶ ነው እኮ ደረቅ እንጀራ የሚያኝከው። እንጀራቸውን ልታሳጪያቸው ነው?»

ተነሡ። ሻሻቸውን አጠበቁ። ወደ ሳሎን ሲገቡ ተከተልኳቸው፤ ምን ሊሉ እንደሆነ አላወቅሁም።

«አፉ በሉኝ፣ ጓዶች» አሉ። «ሥጋው ይነሣ። በጉ ትናንት ሲያነጥስ አይቼው ነበር። ልቤ ጠርጥሮታል።»

«የትኛው በግ?» አሉ ጓድ ኃይለየሱስ።

«ሁለቱም ያነጥሱ ነበር።»

ጓድ ኃይለየሱስ እፎይታቸውን በቁጣ ሸፈኑት። «ለመንግሥት እንግዳ የታመመ በግ? ታዲያ እንቁላል እንኳ ጥበሱላቸው እንጂ» አሉ።

«እንቁላል የለም። ዶሮዎቹን ሽለምጥማጥ ፈጃቸው።»

ልክ በዚያች ደቂቃ ከጓሮ አንዲት ዶሮ እንቁላል ጥላ ጮኸች። ደጋግማ ጮኸች። አራታችንም አልሰማንም።

ተቆጣጣሪው አዴ ሞሚናን ቀና ብሎ አያቸው። «ቅቤስ?» አለ ቀስ ብሎ።

«የለም።»

«ወተት?»

«አልቋል።»

ስድስት ዓመት የጠበቁትን ሕግ ቆመው አፈረሱት፤ ያውም ቅጹ ፊት። ፊታቸው ቀልቷል። ልብሳቸውን በገበያ መካከል ያወለቁ ያህል አፍረዋል። እኔ ዓይኔን ወለሉ ላይ ተከልኩ፤ ወለሉ ንጹሕ ነበር።

«ታዲያ ምን አለ?» አለ ሰውየው።

«ሽሮ አለ፤ በኑግ ዘይት። ተልባም አለ። ሌላ የለኝም። አፉ በለኝ፣ ልጄ።»

«ለእንግዳ ሽሮ?» አሉ ጓድ ኃይለየሱስ፣ የምሥራች እንደ ሰማ ሰው።

«ጓድ፣ ሰፊው ሕዝብ የሚበላውን መብላት ግዴታችን ነው» አለ ተቆጣጣሪው።

«እሱስ ልክ ነው። ሰፊው ሕዝብ ሽሮ ነው የሚበላው።»

ሽሮው ቀረበ። ሁለቱም እጅጌያቸውን እስከ ክርናቸው ሰበሰቡ። አዴ ሞሚና አሁን ወደ ቦታቸው ተመለሱ። «በአላህ፣ ጨምር» አሉት። ጨመረ። «ይህችን ብቻ።» ጨመረ። «ይህችማ የተልባው ናት፣ አትቆጠርም።» አምስተኛው ጭልፋ ላይ ሰውየው መቀበያ ሆድ አልነበረውም።

ሦስት ቀን እንዲሁ ሆነ። ጓድ ኃይለየሱስ በየምሳው ይመጣሉ፤ አዴ ሞሚና በየምሳው አንድ አዲስ መቅሠፍት ያወራሉ። በሁለተኛው ቀን ላሟ ደረቀች። አይብ የሚያመጣው ነጋዴ ጎሮ ገበያ ላይ ታመመ። በሦስተኛው ቀን፣ እሳቸው እንዳሉት ከሆነ፣ በባሌ ክፍለ ሀገር በሕይወት ያለ ባለ አራት እግር እንስሳ አልተረፈም ነበር። ሁለቱ ጓዶች እያዘኑ ይበላሉ። እያንዳንዳቸው «ዕድለኛው እኔ ብቻ ነኝ» ብለው ያሰቡ ይመስለኛል። የቀዩ በግ ሥጋ ቋንጣ ሆኖ ማድ ቤት ተሰቀለ፤ የአረንጓዴውን የአሊዪ ቤተሰብ በላው፤ አንድም ሰው አላስነጠሰም።

ሰውየው ግን ከምግብ በኋላ ሁልጊዜ ይጽፋል። እኔ ሳህን ሳነሣ አየዋለሁ።

«አዴ» አልኳቸው በሦስተኛው ቀን፣ «የለም ያሉትን ሁሉ እየጻፈው ነው።»

«ይጻፍ።»

«ቤቱን ይዘጉታል። የት ሊገቡ ነው?»

ማማሰያቸውን አላቆሙም። «እንግዳ ከእኔ ቤት ተርቦ ወይ ተዋርዶ ከሚወጣ፣ ማዳበሪያ ይግባበት» አሉ።

ኩሩ ንግግር ነው። ነገር ግን በዚያው ቀን ክፍላቸውን ልጠርግ ስገባ፣ መስገጃቸውና ሁለት ቀሚሳቸው በአንድ ነጠላ ተጠቅልሎ፣ ታስሮ፣ አልጋው ላይ ተቀምጦ አየሁ። አንድ ጥቅል ነው። ያ ሁሉ ብርድ ልብስ የሚያለብሱ ሴት የራሳቸው ዕቃ ከአንድ ጥቅል አይበልጥም ነበር። በሩን መልሼ ዘጋሁት። ያን ቀን ብርድ ልብስ ሳጥብ አላጉረመረምኩም።

ተቆጣጣሪው ሲሄድ አዴ ሞሚና እንደ ልማዳቸው እስከ መኪናው ሸኙት። ስንቅ ቋጥረውለታል፤ የገብስ ቆሎና የተፈጨ ተልባ። ጓድ ኃይለየሱስ ከሹፌሩ ጋር ያወራሉ። ሰውየው ጎንበስ ብሎ ስንቁን በሁለት እጁ ተቀበለ።

«እማማ፣ ላሟ መቼ የምትታለብ ይመስልዎታል?» አላቸው በዝግታ።

«አሥራ ስድስት ላይ፣ ኢንሻአላህ» አሉት።

ነሐሴ አሥራ ስድስት ፍልሰታ የሚፈታበት ቀን ነው። ሰውየው ከንፈሩን ነክሶ ሳቁን ያዘ። ትከሻቸውን ስሞ መኪናው ውስጥ ገባ። እሳቸው ሹፌሩን «ቀስ ብለህ ንዳ፤ አሁን ነው የበላው» አሉት።

ጳጉሜ አለፈ፣ መስከረም አለፈ። ጥቅሉ ከአልጋው ላይ አልተነሣም። ጥቅምት አጋማሽ ላይ ጓድ ኃይለየሱስ ማኅተም ያለበት ወረቀት አምጥተው ሰጡኝ፤ «አንብቢላቸው» ብለው ሄዱ። አዴ ሞሚና ቁርአን ይቀራሉ፤ አማርኛ ማንበብ ግን አይችሉም። ማድ ቤቱ ደጃፍ፣ ፀሐይ ላይ ተቀመጥን። በስድስተኛ ክፍል ዕውቀቴ ጣቴን ከመስመሩ ሥር እያስኬድኩ አነበብኩ።

«ጽዳት፦ በጣም ጥሩ።»

«ያ ያንቺ ነው» አሉኝ። ስድስት ዓመት ውስጥ ሥራዬ ሲጠቀስ ያ የመጀመሪያው ነው።

«የምግብ አቅርቦት፦ ወቅቱን የጠበቀ።»

ሻሻቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡት፤ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ የሚያለቅሱ መስሎኝ ደነገጥኩ። እየሳቁ ነበር።

«የውሳኔ ሐሳብ፦ ቤቱ በእንግዳ ማረፊያነት ይቀጥል።»

«ድገሚው።»

«ይቀጥል።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉ። ቆይተውም «ሌላስ?» አሉ። «ስለ ምቾትስ? ሦስት አምድ ነው ብሎ ነበር ኃይለየሱስ።»

ስለ ምቾትም ነበረ። ከሁሉም ረጅሙ እሱ ነው። «አስተናጋጇ ብርድ ልብስ ከሁለት እንዳያስበልጡ፣ የተኛን እንግዳ ተመቸህ ወይ ብለው እንዳይቀሰቅሱ፣ እንግዳ ብቻውን መቀመጥ የሚፈልግበት ጊዜ እንዳለ እንዲረዱ በጥብቅ ይመከሩ» ይላል። ስድስት ዓመት በልቤ ስጽፈው የኖርኩት ነገር ነው፤ አሁን በታይፕ ተጽፎ፣ ፊርማና ማኅተም አርፎበት እጄ ገባ። አንድ ጊዜ ጮክ ብዬ ባነበው፣ ከሰባት ብርድ ልብስ አምስቱ ከጫንቃዬ ይወርዱልኝ ነበር። መንግሥት ያለውን ማን ይቃወማል?

ቀና ብዬ አየኋቸው። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ፈተና እንደምትጠብቅ ተማሪ ከንፈሬን ያያሉ።

«የለም፣ አዴ» አልኩ። «አልቋል።»

ቃሉን ሰምተው ፊታቸውን አጨፈገጉ፤ ከልማድ ነው። ከዚያ ወረቀቱን ወስደው ማኅተሙን በአውራ ጣታቸው ዳበሱና መለሱልኝ።

«እንግዲያው ከመጀመሪያው ድገሚልኝ» አሉ። «በአላህ፣ ትንሽ ጨምሪ።»

ደገምኩላቸው። እዚያች መስመር ላይ ስደርስ እንደገና አለፍኳት፤ በምትኩ «አስተናጋጇ ይመስገኑ» የምትል ከራሴ ጨመርኩ። ሦስተኛ ጊዜ ልጀምር ስል የአዲስ አበባው አውቶቡስ ጥሩንባ ተሰማ። አዴ ሞሚና ጉልበታቸውን ይዘው ተነሡ።

«እንግዳ መጣ» አሉ። «ዛሬ ነፋስ አለ፣ ኢንተላኮ። ሰባተኛውንም አውጪው።»

ወረቀቱን አጣጥፌ ጡቴ ሥር ከተትኩና፣ ሰባተኛውን አወጣሁ።